ጅራቱ ያጠረው ነብር

ከበበው ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የክት ኮቱን ለበሰ። ከዚያ መልሶ አወለቀው። የክት ኮት የለበሰ ሽማግሌ ወይ ለቀብር ነው የሚሄደው ወይ ለሠርግ፤ ይህ ደግሞ ከወዳጁ ከነጋ ዓይን አያመልጥም። የዘወትሩን፣ ክርኑ ላይ የተጣፈውን ደርቦ ወጣ።

ትናንት አመሻሽ ላይ የእድሩ ዳኛ ጉርሜሳ ጥቂት ሰዎች ቤቱ ጠርቶ ነበር። የነጋ ልጅ ኢያቄም ከአሰብ ጭኖ ሲመጣ፣ ሚሌ አጠገብ ከባድ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል። አስከሬኑ ዛሬ ማታ አዲስ አበባ ይገባል። እኅቱ ፀሐይወርቅ፣ አዋሳ የምታስተምረው፣ «አባትሽን ትንሽ አሞታል» ተብላ በአውቶቡስ እየመጣች ነው። ጉርሜሳ ቤት ታርፍና እዚያው ይነገራታል። ነጋ ግን የሚረዳው ነገ ንጋት ላይ ነው። ልጁ አጠገቡ ሆና፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ድንኳኑ ከተሰናዳ በኋላ።

«እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳይሰማ» አለ ጉርሜሳ። «ሌላ ሰው ቢሆን ምን ችግር ነበረ? ነጋን እንልክበት ነበር።»

ማንም አልሳቀም። እውነት ስለሆነ ነው። በእድሩ መርዶ የሚናገረው ነጋ ነው። ሰው የሞተበትን ሰው፣ ወሬው ሳይደርስበት፣ ከቤቱ አርቆ የሚያውለውም እሱ ነው። «አስታራቂ ጎደለን» ብሎ ይወስዳል። «የታመመ ጠይቀን እንምጣ» ብሎ ይወስዳል። አንዱን ነጋዴ «ርካሽ ቆርቆሮ አግኝቼልሃለሁ» ብሎ ቃሊቲ ድረስ ወስዶ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሲያዞረው ውሏል። እሱ የማያውቀው ዘዴ የለም። ቢኖርም በሰፈሩ ውስጥ አልተሞከረም።

«እኔ እወስደዋለሁ» አለ ከበበው።

«ወዴት?»

«ሙዚየም።»

ጉርሜሳ አፉን ከፍቶ አየው።

«ነብሩን ላሳየው» አለ ከበበው። ይህን ጊዜ ለሁሉም ገባቸው።

የነብሩን ነገር ነፋስ ስልክ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም። ድሮ፣ ላፍቶ ገና የእርሻ መሬት ሳለ፣ ከበበውና ነጋ እዚያ የአንድ የወተት ላሞች ግቢ ዘበኞች ነበሩ። አንድ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ አውሬ አጥር ዘሎ ገባና የጌታውን አውራ ዶሮ አንቆ ወጣ። ሁለቱም ያዩት ከኋላው ነው። ነጠብጣቡን አይተዋል፤ ጅራቱንም አይተዋል። ጅራቱ አጭር ነበር። እስከዚህ ይስማማሉ። ነጋ «ነብር ነው» አለ። ከበበው «አነር ነው» አለ። ከዚያ ወዲህ ጃንሆይ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ። ነብሩና አነሩ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ነጋ ሲጨንቀው፣ «ኢያቄም ይሙት፣ ነብር ነው!» ይላል። ከበበውም «በልጅ አትማል» ይልና ተነሥቶ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ነው ያረጁት።

ከበበው ይህን ሥራ ለምን በራሱ ላይ እንደጫነ ማንም አልጠየቀውም። የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ በነበረ ጊዜ፣ ብርቱካን በፌስታል ይዞ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ መልኩን እንጂ ስሙን የማያውቀው አንድ ሰው መንገዱን ተሻግሮ መጣና፣ «ጋሽ ከበበው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ምነው፣ አልሰሙም እንዴ?» አለው። አውቶቡሱ መጣ፤ ከበበው ተሳፈረ። ነጋ ሲያገኘው፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ብርቱካኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተቀምጦ ነበር። በሳምንቱ ነጋ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «ከእንግዲህ ከዚህ ሰፈር ማንም መርዶውን መንገድ ላይ ቆሞ አይሰማም» አለ። ከዚያ ጀምሮ ሥራው የእሱ ሆነ።

አሁን የከበበው ተራ ደረሰ።

ነጋ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቅ ነበር።

«ምነው? እንቅልፍ እምቢ አለህ?»

«ዛሬ እንጨርሰው» አለ ከበበው።

«ምኑን?»

«ነብሩን።» ከዚያ ሌሊቱን ሲያጠናው ያደረውን ተናገረ። «አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ፣ ያገሩ አውሬ ሁሉ ቆዳው ተሞልቶ በመስታወት ውስጥ ቆሟል። ነብርም አለ። አነርም አለ። አምስት ኪሎ ደግሞ ሌላ ሙዚየም አለ። አይተን እንመጣለን።»

ነጋ መፋቂያው ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ። «አንተ? ከሰፈር ወጥተህ፣ ታክሲ ተሳፍረህ፣ ልትሸነፍ?»

«ና።»

«ኧረ መጣሁ! ይሄማ እንዴት ይቀራል?» ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ። «ቆይ ግን፣ መጀመሪያ ዑስማን ጋ ብቅ እንበል። ኢያቄም ወይ ትናንት ወይ ዛሬ መግባት ነበረበት። ሾፌሮቹ መንገድ ላይ አይተውት ይሆናል።»

«ስንመለስ።»

ዑስማን ደብረ ዘይት መንገድ ዳር ጎሚስታ አለው። ከአሰብ የሚመጣው መኪና ሁሉ ወደ ከተማ የሚገባው በዚያ ነው፤ ሾፌሩም ጎማ ሊያስነፋ እዚያ ይቆማል። ነጋ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የዑስማን ደጅ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ወሬ ይሰማል። የኢያቄምን ጥሩንባ ከሌላው መኪና ሁሉ ለይቶ ያውቃል።

ሲደርሱ ጎሚስታው ተዘግቷል። ከበበው ማታ ነው «ዝጋው» ብሎ የነገረው። አሁን ሲያየው ግን ከተከፈተ በር ይልቅ የተዘጋው የሚናገር መሰለው።

«ዑስማን ምን ሆነ?» አለ ነጋ። «ዓርብ እንኳ ሰግዶ ይመለሳል እንጂ አይዘጋም።»

«አሞት ይሆናል።»

«እንግዲያ እንጠይቀዋ። ቤቱ እኮ ከኋላ ነው።»

«ስንመለስ» አለ ከበበው።

ሁለተኛ ጊዜ «ስንመለስ» ማለቱ ለራሱም አልጣመውም። ነጋ ቀና ብሎ አየው።

አቧራ የለበሰ ተሳቢ መኪና ከቃሊቲ በኩል መጣ። ሾፌሩ ነጋን ሲያይ ፍሬን ያዘና እጁን ለሰላምታ አነሣ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከበበው በነጋና በመኪናው መካከል ገብቶ ቆመ፤ ሾፌሩን ዓይን ዓይኑን አየው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ መሪው መለሰ። መኪናው አለፈ።

«የኢያቄም ጓደኛ መሰለኝ» አለ ነጋ።

«ሁሉም ለአንተ የኢያቄም ጓደኛ ነው። ግባ፣ ታክሲው ሊሞላ ነው።»

«ለገሃር! ለገሃር! ሁለት ሰው የሞላ!» ይላል ወያላው። ገቡ። ከበበው ነጋን ወደ መስኮቱ ሊያስጠጋው ፈልጎ፣ መስኮቱም መንገዱን እንደሚያሳይ ትዝ ሲለው ተወው። ጎተራ ሳይደርሱ ታክሲው ቆመና ክብረት ገባች። የሰፈራቸው ሴት ናት፤ ለዘመድ ወሬ ለማድረስ እንደወጣች ከበበው ያውቃል። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ቀና ስትል ከነጋ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ።

ክብረት እንደ ተጠራች ሰው ከመቀመጫዋ ብድግ ልትል ቃጣች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች።

«ክብረት! ምነው፣ ማን ሞተብሽ?» አለ ነጋ።

ከበበው ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

«የ... የመሥሪያ ቤት ሰው፣ ጋሼ።»

«ነፍስ ይማር። ልጅ ነው አዋቂ?»

«ልጅ ነው» አለችና እንባዋ ወረደ። «ወራጅ አለ!» ብላ ገና ከተሳፈረችበት ብዙ ሳይርቁ ወረደች። ወያላው ሒሳብ ሳይቀበላት እያጉረመረመ በሩን ዘጋ።

ነጋ በኋላው መስታወት ሲመለከታት ቆየ። «ምስኪን። ለመሥሪያ ቤት ሰው እንዲህ የሚያለቅስ ዛሬ የለም» አለ።

ለገሃር ወርደው ሌላ ታክሲ ያዙ። ከበበው እስከ አራት ኪሎ ድረስ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ነጋ ያወራል፤ እሱ ይሰማል። ራዲዮ ከፍቶ የቆመ ሱቅ፣ ቆሞ የሚያያቸው ሰው፣ ከሩቅ «ጋሽ ነጋ» የሚል ድምፅ አለ እንደሆነ ጆሮው እዚያ ነው። አራት ኪሎ ሲወርዱ ነው ትከሻው ትንሽ ላላ ያለው። እዚህ ማንም አያውቃቸውም።

የአውሬዎቹ ክፍል ናፍታሌን ናፍታሌን ይሸታል። ጠባቂው መብራቱን አበራላቸው። ወፉ በረድፍ፣ እባቡ በጠርሙስ፣ ቀንዳሙ ሁሉ በየግድግዳው። ነጋ አንበሳው ፊት ቆመና ኮፍያውን አነሣለት።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታው። እንዲያው እድር ስላልነበረዎት ነው እንጂ ይቀበሩ ነበር።»

ጠባቂው ሳቀ። ከበበው ሊስቅ ሞከረና ከንፈሩ እምቢ አለው።

«ዓይኑ ያያል እንዴ?» አለ ነጋ።

«መስታወት ነው፣ አባባ። የሁሉም ዓይን መስታወት ነው።»

«ነብሩ የታል? እኔና ይሄ ሽማግሌ ችሎት አለብን።»

ጠባቂው በጣቱ አሳያቸው። ነብሩ ግንድ ላይ ተጋድሟል። ጅራቱ ረጅም ነው፤ ከግንዱ ተንጠልጥሎ ጫፉ ወደ ላይ ቆልመም ብሏል። ከእሱ ቀጥሎ ባለው መስታወት ውስጥ አነሩ ቆሟል። እግሩ መለሎ፣ ራሱ ትንሽ፣ ጆሮው ትልቅ። ነጠብጣቡ ያው ነው። ጅራቱ አጭር ነው።

ነጋ ከነብሩ ወደ አነሩ ሄደ። ከአነሩ ወደ ነብሩ ተመለሰ። ጎንበስ ብሎ ከኋላው አየው። ደግሞ ተመለሰ። ከበበውም አነሩን አየ። ያ የላፍቶ አውሬ ይኸው ነው፤ ቁመቱ ሳይቀር። ይህን ለማየት ዕድሜውን ሁሉ የጠበቀ ሰው መደሰት ነበረበት። እሱ ግን የሚያስበው ሰዓቱ እንዴት ቀስ እንደሚል ብቻ ነበር።

ነጋ ቀና አለ። ዓይኑ ውስጥ ያ የድሮው ተንኮል ነበር።

«የኛው» አለ፣ «ጅራቱ የተቆረጠ ነብር ነው።»

ጠባቂው ፈገግ አለ።

«ምን ዝም ትላለህ? ወጥመድ ቆርጦት ነዋ! ነብር ነው!» ነጋ እጁን ወደ ላይ አነሣ። «ኢያቄም ይሙት፣ ነብር ነው!»

«ነጋ—»

«ኢያቄም ይሙት! አፈር ይብላው—»

«እሺ!» አለ ከበበው። «እሺ፣ በቃ። ነብር ነበር። አንተ ልክ ነህ።»

ከበበው ምን እንዳደረገ የገባው ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ነጋ እጁን እንዳነሣ ቀረ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሄደ።

«ምን አልክ?»

«ነብር ነበር አልኩ።»

ነጋ አጭር ጅራት ያለውን አነር አየ። ከዚያ ከበበውን አየ፤ ፊቱን፣ እጁን፣ ጫማውን። ስንቱን ሰው ከቤቱ አርቆ ያዋለ ሰው ነው። ስንቱን ሰው በርካሽ ቆርቆሮ፣ በሽምግልና፣ በታመመ ዘመድ አታሏል። ሁልጊዜም ዘዴው በምን እንደሚበላሽ ያውቃል። ሰው የሞተበትን ሰው ሳታስበው ታዝንለታለህ፤ ስታዝንለት ትሸነፍለታለህ።

«ዑስማን አልታመመም» አለ በቀስታ።

«ክብረትም...» አለና አልጨረሰውም። ድምፁ ወረደ። «ከበበው።»

«ወዬ።»

ነጋ የከበበውን አፍ በመዳፉ ሊከድን ይመስል እጁን ዘረጋ። «ዝም በል። አትንገረኝ። እዚህ አውሬ መካከል አይነገርም።»

ደንቡ የራሱ ነው። ቆሞ ላለ ሰው አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም። የሥጋ ዘመዱ ሳይኖር አይነገርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሲነገር ስሙ ይቀድማል። «ጠንከር በል፣ ያለ ነው፣ ሁላችንም ሟቾች ነን» እያሉ ከተጀመረ፣ ሰውየው ስሙ እስኪጠራ ድረስ ዘመዶቹን ሁሉ በልቡ አንድ በአንድ ይገድላቸዋል። ነጋ ይህን ለእድሩ ሰዎች ሲያስተምር ከበበው ስንት ጊዜ ሰምቶታል።

«ወደ ቤት እንመለስ?» አለ ከበበው።

«አሁን ብንመለስ ድንኳን ሲያወጡ እንደርስባቸዋለን። ልፋታቸውን ገደል እንክተተው?» ነጋ ኮፍያውን አስተካከለ። «ሌላ ሙዚየም አለ ብለሃል። ቀኑ ገና ነው። ምራ።»

ወደ አምስት ኪሎ በእግራቸው ወጡ። ነጋ አላወራም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ከበበው ከጎኑ እየሄደ ከንፈሩን አየ። እየቆጠረ ነው። ወንድሙን ገደለው፣ አስነሣው። ልጁን ገደለ፣ አስነሣው። ፀሐይወርቅን ገደለ። ስሙ የከበበው ምላስ ላይ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ቢተፋው ከሞቱት አንዱ ብቻ ይቀራል፣ ሌሎቹ ሁሉ ይድናሉ። ግን መንገድ ነው። መኪና ያልፋል፣ ተማሪ ይሳሳቃል፣ ሎተሪ አዟሪው ይጮኻል። ከበበው የብርቱካኑን ፌስታል አሰበና ጥርሱን ነከሰ።

በብሔራዊ ሙዚየም ፎቁ ላይ ሥዕሎች አሉ። አንድ ትልቅ የገበያ ሥዕል ፊት ነጋ ቆመ። ሰዉ ብዙ ነው፤ በርበሬ የሚሸጥ፣ አህያ የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ። ነጋ ፊት ፊታቸውን ተራ በተራ አየ። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ሲያልፍ ፊቱን ጭፍግግ ያደርጋል።

«ይሄን ሁሉ ሰው የሣለው» አለ፣ «ሁሉንም ያውቃቸው ነበር?»

«እንጃ።»

«ካላወቃቸው እንዴት ቻለ?»

ከበበው ሥዕሉን አላየም። የነጋን ጉልበት ነበር የሚያየው። መታጠፍ ሲጀምር ሊይዘው ዝግጁ ነበር።

ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ሀና የምትባል ወጣት አስጎብኚ በመስታወት ሣጥን አጠገብ ቆማለች። በሣጥኑ ውስጥ የተዘረጉ አጥንቶች አሉ፤ ትናንሽ፣ ቡናማ፣ መካከላቸው ባዶ ባዶ።

«ደኅና ዋላችሁ፣ አባቶቼ። ይቺ ድንቅነሽ ናት። አፋር ነው የተገኘችው።»

ከበበው ዓይኑን ጨፈነ። ሚሌም አፋር ነው። ይህን ማታ አላሰበውም፤ ማንም አላሰበውም።

«አጥንቷ ይሄ ብቻ ነው?» አለ ነጋ።

«ግማሽ ያህሉም አልተገኘም፣ አባቴ። ደግሞ ይሄ አምሳያዋ ነው። እውነተኛው አጥንት ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«ለምን? ሰው እንዳያየው?»

«እንዳይጎዳ ነው።»

«እንዳይጎዳ» አለ ነጋ። ያየው ግን እሷን አልነበረም። ከበበውን ነበር።

ሀና ሌሎች ጎብኚዎች ሲገቡ ወደ እነሱ ሄደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብቻቸውን ቀሩ።

«ከበበው፣ ስለ ሞተው አልጠይቅህም» አለ ነጋ። «በሕይወት ስላለው ልጠይቅህ?»

ከበበው አሰበ። ደንቡ ስለ ሞተው ነው። ስላለው ምንም አይልም።

«ጠይቅ።»

«ፀሐይወርቅ ወደዚህ እየመጣች ነው?»

«እየመጣች ነው። ማታ ትገባለች።»

«ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።»

ነጋ ሁለት እጁን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። ራሱን ዘንበል አደረገ። ኮፍያው ሣጥኑ ላይ ወደቀ። ሀና ከወዲያ፣ «አባቴ፣ መስታወቱን—» ብላ ጀመረችና፣ የከበበውን ፊት ስታይ ተወችው። ነጋ አላለቀሰም። ከጉሮሮው አንድ ድምፅ ወጣ፤ ከባድ ነገር ያነሣ ሰው የሚያወጣው ዓይነት። ከበበው ወገቡን ደግፎ ያዘው። እንዲያ ቆዩ። ከዚያ ነጋ ራሱ ኮፍያውን አንሥቶ አጠለቀ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አግዳሚ ነበር። ተቀመጡ።

«አነር ነው» አለ ነጋ።

«ተወው።»

«አልተወውም። መስታወቱ ውስጥ ሳየው አወቅሁ። እያወቅሁ ነው የማልኩት። በስሙ። አፈር ይብላው ብዬ፣ በውሸት። ሁለት ጊዜ ማልኩ፣ ከበበው።»

ከበበው ይህን አልጠበቀም። ደንብ ደንብ ነው። ነገር ግን ይህ ሰው ይህን ይዞ እንዲያድር ማድረግ ምን ዓይነት ደንብ ነው?

«ትናንት ነው» አለ።

«ምኑ?»

«የሆነው ነገር። የሆነው ትናንት ነው። አንተ የማልከው ዛሬ ነው።»

ነጋ ዞሮ አየው።

«ከዚያ በፊትስ? ስንት ዓመት ሙሉ ምያለሁ።»

«ያኔ ነብር መስሎህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ይህ ነገር አልተነሣም። አንዲት ቁራ መጥታ እግራቸው ሥር ለቀመች፤ ሄደች።

«ነገ የሚናገረው ማን ነው?» አለ ነጋ በመጨረሻ።

«ጉርሜሳ እኔን ብሎኛል።»

«አንተን? በስማም! 'እንደምን አደራችሁ' ማለት እንኳ የሚከብድህን ሰው?» ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ መጥቶ ሄደ። «ስማ እንግዲህ። ስሙን አስቀድም። 'ጠንከር በል' አትበለኝ። የመጽሐፍ ቃል አታብዛብኝ። ቁጭ ካደረጋችሁኝ በኋላ ይሁን። ልጄ በቀኜ ትሁን። ከኋላዬ ሰው አቁም።»

«ለምን ከኋላህ?»

«እወድቃለኋ።»

ከበበው ራሱን ነቀነቀ።

«ደግሞ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ለጉርሜሳም እንዳትነግረው። ፀሐይወርቅ፣ አባቴ ብቻውን ተሸክሞት አደረ እንዳትል።»

«አልነግርም።»

ሲመለሱ መሽቶ ነበር። በጎሚስታው ሲያልፉ ነጋ አልቆመም። ወደ ዑስማን ቤት ልሂድም አላለም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአሰብ መንገድ የመጣ አንድ የተሸፈነ ፒካፕ መብራቱን አጥፍቶ ሲያልፍ ነጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና፣ እስኪያልፍ ድረስ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ። ከበበው በላዩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ያን ሌሊት ከበበው ነጋ ቤት አደረ። «ወገቤን ብርድ መታኝ፣ መንገዱን አልችልም» ብሎ ነው፤ ነጋም «ታዲያ እደር» አለው። ሁለቱም ተኝተናል አሉ።

ሊነጋጋ ሲል ከበበው ቀስ ብሎ ወጣና ከሚመጡት ጋር ተቀላቀለ። እነ ጉርሜሳ ጋቢያቸውን ተከናንበው በመንገዱ ላይ ሞልተዋል። ዑስማን አለ። ክብረት አለች። ፀሐይወርቅን ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል፤ አፏን በጨርቅ አፍናለች። ማንም አይናገርም። የእግር ድምፅ ብቻ ነው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ነጋ መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ ብቅ አለ።

«ምነው? በማለዳ ምን እግር ጣላችሁ?» አለ። ድምፁ የትናንት ጠዋቱ ድምፅ ነበር። እጁ ግን መቃኑን እንደያዘ ከበበው አየ።

«ግባ፣ ነጋ። ተቀመጥ» አለ ጉርሜሳ።

ተቀመጠ። ፀሐይወርቅን በቀኙ አስቀመጧት፤ እሱም ሳያያት እጇን ፈልጎ ያዘ። ዑስማን ዞሮ ከኋላው ቆመ። ጉርሜሳ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ነጋ፣ አንተ ራስህ የምታውቀው ነው፣ የሰው ልጅ—» ብሎ ሲጀምር፣ ከበበው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ገፋው።

ከነጋ ፊት በርከክ አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ኢያቄም» አለ ከበበው።

ሌላ ቃል አልጨመረም። ነጋ ወደ ኋላው ወደቀ። ከኋላው ሰው ነበረ።